የአገር ስም የጠፋበት መዝገብ፦ የማርቲና ናቭራቲሎቫ ታሪክ በቁጥር

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የነገሥታት ስም፣ የጦርነት ዘመንና የውል ቀን ነው። ይሁን እንጂ ታሪክ በቁጥር ሠንጠረዥ ውስጥም ይቀመጣል። ማንበቡን ላወቀበት ሰው የአንድ ስፖርተኛ የውጤት ሠንጠረዥ ከአንድ ምዕራፍ የታሪክ መጽሐፍ ያላነሰ ይናገራል። በዚህ እትም የምናነበው የአንዲት የቴኒስ ተጫዋች መዝገብ ነው። ስሟ ማርቲና ናቭራቲሎቫ ይባላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መዝገቧ ባጭሩ እንዲህ ይላል። በነጠላ ጨዋታ 1,442 ግጥሚያ አሸንፋለች፤ 219 ተሸንፋለች። በነጠላ 167፣ በጥንድ 177 ዋንጫ ወስዳለች። በቴኒስ ዓለም አራት ታላላቅ ውድድሮች አሉ፤ እነሱም የአውስትራሊያ፣ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዙ ዊምብልደንና የአሜሪካ ናቸው። በነዚህ ብቻ በነጠላ 18፣ በጥንድ 31፣ ወንድና ሴት ተጣምረው በሚጫወቱት ድብልቅ ጥንድ ደግሞ 10፣ በድምሩ 59 ዋንጫ አላት። በዓለም የሴቶች ደረጃ ለ332 ሳምንታት አንደኛ ሆና ተቀምጣለች።

እነዚህን ቁጥሮች ዛሬ የትኛውንም መዝገብ ብትገልጡ ታገኟቸዋላችሁ። ነገር ግን በዚሁ መዝገብ ላይ ጸሐፊዎቹ የማይስማሙበት አንድ ዓምድ አለ። እሱም “አገር” የሚለው ነው። ከ1975 እስከ 1981 ላሉት ዓመታት አንዱ መዝገብ “አሜሪካ” ብሎ ይሞላዋል፤ ሌላው “አገር አልባ” ብሎ ይጽፋል። ዊምብልደንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈችውም፣ የዓለም አንደኛ ለመባል የበቃችውም በነዚሁ ዓመታት ነው። ለመሆኑ ሰው አገር ሳይኖረው እንዴት የዓለም አንደኛ ይሆናል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኼ ነው።

ልጅነቷ

ማርቲና ጥቅምት ወር 1956 በቼኮስሎቫኪያ ዋና ከተማ በፕራግ ተወለደች። ያደገችው ግን ከፕራግ ወጣ ብላ በምትገኝ ርዤቭኒትሴ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። የእናቷ ወገኖች ሰፊ መሬት የነበራቸው ሰዎች ነበሩ። ኮሚኒስቶች በ1948 ሥልጣን ሲይዙ መሬቱ ተወረሰ። ውርስ ምን ማለት እንደሆነ ለኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቴኒስ ግን በቤተሰቡ ውስጥ ቀረ፤ አያቷ ከጦርነቱ በፊት ራሷ ተጫዋች ነበረች።

ወላጆቿ የተለያዩት እሷ ገና ሕፃን ሳለች ነው። እናቷ በ1962 ሌላ ባል አገባች። ናቭራቲሎቫ የሚለው ስም የመጣው ከእንጀራ አባቷ ከናቭራቲል ነው፤ በቼክ ልማድ ለሴት ሲሆን መጨረሻው ላይ “ኦቫ” ይጨመራል። ራኬት አያያዝ ያስተማራት የመጀመሪያው አሠልጣኟም ይኸው እንጀራ አባቷ ነው። እንግዲህ ዓለም የሚያውቃት በአሳዳጊዋ ስም ነው ማለት ነው።

በነሐሴ 1968 የሶቪየት ኅብረትና የአጋሮቿ ታንኮች ቼኮስሎቫኪያ ገቡ። ያን ጊዜ ማርቲና የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ የነበረው ትንሽ ነፃነት ተዘጋ፤ ወደ ውጭ ለመሄድም ሆነ ለመናገር ፈቃድ ያስፈልግ ጀመር። ልጅቷ ግን በራኬቷ እያደገች ሄደች። በ1972፣ በ15 ዓመቷ፣ የአገሯ የሴቶች ሻምፒዮን ሆነች። በ1973 ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ ሄዳ ተወዳደረች። በ1974 አሜሪካ ውስጥ ኦርላንዶ በተባለ ከተማ የመጀመሪያውን የነጠላ ዋንጫ ወሰደች። ከ167ቱ አንደኛው ይኼ ነው።

በ1975 ሠንጠረዡ በድንገት ይሞላል። በአውስትራሊያና በፈረንሳይ ውድድሮች ለፍጻሜ ደረሰች፤ ሁለቱንም ተሸነፈች። በዚያው ዓመት የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች የሚገናኙበትን የፌዴሬሽን ዋንጫ ለቼኮስሎቫኪያ አመጣች። ያን ጊዜ 18 ዓመቷ ነበር። ለአገሯ ዋንጫ ባመጣች በጥቂት ወራት ውስጥ አገሯን አጣች።

መስከረም 1975

የቼኮስሎቫኪያ የስፖርት ባለሥልጣናት ልጅቷን በዓይነ ቁራኛ ይከታተሏት ነበር። ወዴት እንደምትሄድ፣ ከማን ጋር እንደምትውል፣ መቼ እንደምትመለስ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። “አሜሪካዊ ሆንሽ” የሚል ወቀሳ ይደርስባት ጀመር። በዚያ ዓመት ወደ አሜሪካው ውድድር እንድትሄድ የተፈቀደላት ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ነው።

ኒው ዮርክ ውስጥ ፎረስት ሂልስ በሚባለው ሜዳ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። እዚያ በአሜሪካዊቷ በክሪስ ኤቨርት ተሸነፈች። ከዚያ በኋላ ማንሃታን ወደሚገኘው የኢሚግሬሽን ቢሮ ሄዳ ጥገኝነት ጠየቀች። በሠንጠረዡ ላይ ይኼ ቀን “ግማሽ ፍጻሜ፣ ተሸነፈች” ተብሎ ብቻ ነው የተመዘገበው። የሕይወቷን መንገድ የለወጠው ውሳኔ በቁጥሩ ውስጥ የለም።

የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ብዙ አልቆየችም። የቼኮስሎቫኪያ ዜግነቷን ግን ተገፈፈች፤ የአሜሪካ ዜግነት ደግሞ ገና ሩቅ ነበር። እናትና አባት፣ እህት፣ ቤት፣ ቋንቋ ሁሉም ወዲያ ማዶ ቀሩ። መቼ እንደምታያቸውም የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ በሉ። የሴቶች ቴኒስ ማኅበር የተጫዋቾችን ደረጃ በኮምፒዩተር ማውጣት የጀመረው በኅዳር ወር 1975 ነው። ማርቲና ጥገኝነት ከጠየቀች ሁለት ወር ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ይህ አሠራር ማን ማንን እንዳሸነፈ ይቆጥራል እንጂ ፓስፖርት አይጠይቅም። ነጥቡ የሚጻፈው በሰውየው ስም ነው። መንግሥት ዜግነት ሊነጥቅ ይችላል፤ ነጥብ መንጠቅ ግን አይችልም። አገር አልባዋ ልጅ አንደኛ ልትባል የቻለችው በዚህ ምክንያት ነው።

በሠንጠረዡ ላይ ያለው ጉድጓድ

ብዙ ሰው ስለ ታላቅ ስፖርተኛ ሲያወራ ከድል ወደ ድል ብቻ ይዘላል። ሠንጠረዥ ግን እንዲህ አያደርግም፤ ሽንፈቱንም እዚያው ጎን ይጽፈዋል። የ1976ን ረድፍ እንመልከት። ጥገኝነት በጠየቀች በዓመቱ ወደዚያው ወደ ፎረስት ሂልስ ተመለሰች። ያለፈው ዓመት ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ ነበር። አሁን በመጀመሪያው ዙር በጃኔት ኒውበሪ ተሸንፋ ወጣች። በሜዳው ላይ ስታለቅስ ሕዝብ አያት።

የነፃነትን አገር ያገኘ ሰው በማግስቱ ይደሰታል ብሎ የሚያስብ ካለ ይህቺን ረድፍ ያንብብ። ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን ናት፤ ክብደቷ ጨምሯል፤ ቤተሰቧን ካየች ዓመት ሆኗታል። በዚያው ዓመት በዊምብልደን ከኤቨርት ጋር ተጣምራ የጥንድ ዋንጫ መውሰዷም ተጽፏል። አንድ ዓመት ሁለቱንም ይይዛል፤ ሠንጠረዡም ሁለቱንም ሳይደብቅ ይዟል።

ከዚያ ቀስ እያለች ወጣች። ጥገኝነት ከጠየቀች ወደ ሦስት ዓመት ሲጠጋት፣ በሐምሌ 1978፣ በዊምብልደን ፍጻሜ ኤቨርትን 2 ለ 6፣ 6 ለ 4፣ 7 ለ 5 አሸነፈች። የመጀመሪያውን ክፍል ተሸንፋ፣ ሁለቱን ተከታታይ ክፍል አሸንፋ ማለት ነው። በዚያው ወር የዓለም አንደኛ ተባለች። ዕድሜዋ 21 ነበር። የማንም አገር ዜጋ አልነበረችም።

በአገሯ ግን ይህ ወሬ አልተሰማም። ከኮበለለች ወዲህ የቼኮስሎቫኪያ ጋዜጦች ስሟን እንዳይጽፉ ተደርጎ ነበር። እንደሌለች ተቆጠረች። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1979፣ እናቷ ወደ እንግሊዝ እንድትሄድ ተፈቀደላትና ልጇ ለሁለተኛ ጊዜ ስታሸንፍ ከተመልካች መሐል ተቀምጣ አየች። ጋዜጣው የደበቀውን እናት በዓይኗ አረጋገጠች።

በመቶኛ እንዴት ይነበባል?

የአሜሪካ ዜግነት ያገኘችው በሐምሌ 1981 ነው። ስድስት ዓመት ገደማ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ያሉት ረድፎች የሚያስደንቁ ናቸው።

በ1982 90 ግጥሚያ አሸንፋ 3 ተሸነፈች።
በ1983 86 አሸንፋ 1 ብቻ ተሸነፈች።
በ1984 78 አሸንፋ 2 ተሸነፈች።

እስቲ እንደምር። ያሸነፈችው 90 ሲደመር 86 ሲደመር 78፣ 254 ይሆናል። የተሸነፈችው 6 ነው። በጠቅላላው 260 ግጥሚያ ማለት ነው። 254ን ለ260 አካፍለን በ100 ብናበዛው 97.7 በመቶ ይመጣል። የ1983ን ብቻ ከወሰድን ወደ 98.9 በመቶ ይደርሳል። ያቺ አንዷ ሽንፈት የደረሰችባት በፈረንሳይ ውድድር በአራተኛው ዙር ነው፤ ያሸነፈቻት ካቲ ሆርቫት የምትባል አሜሪካዊት ወጣት ናት።

ከ1983ቱ ዊምብልደን ጀምሮ እስከ 1984ቱ የአሜሪካ ውድድር ድረስ ከታላላቆቹ ውድድሮች ስድስቱን የነጠላ ዋንጫ በተከታታይ ወሰደች። በ1984 ብቻ 74 ግጥሚያ ሳትሸነፍ በተከታታይ አሸነፈች። ከፓም ሽራይቨር ጋር በጥንድ ደግሞ ከ1983 እስከ 1985 ድረስ 109 ግጥሚያ በተከታታይ አሸነፉ።

ይህ ከየት መጣ? ዕድል ነው እንዳንል የሠራችው ሥራ ይታወቃል። በ1981 ናንሲ ሊበርማን የምትባል የቅርጫት ኳስ ተጫዋች አጠገቧ ሆና ሩጫና ክብደት ማንሳት አስጀመረቻት። አመጋገቧን ለወጠች። በግራ እጇ መትታ ወደ መረቡ እየሮጠች የምትጫወተውን የራሷን ስልት አጠናከረች። ዛሬ ማንኛውም የቴኒስ ተጫዋች የሚያደርገው የሰውነት ልምምድ በዚያን ጊዜ በሴቶች ዘንድ ብርቅ ነበር።

በ1984 የደረሱባትን ሁለት ሽንፈቶች ደግሞ እንመልከት። በዓመቱ መጀመሪያ ያሸነፈቻት ሃና ማንድሊኮቫ ናት። በዓመቱ መጨረሻ በአውስትራሊያ የ74ቱን ጉዞ የቆረጠችው ሄለና ሱኮቫ ናት። ሁለቱም የቼኮስሎቫኪያ ልጆች ናቸው። ዓለም ሁሉ ያቃተውን ያደረጉት ከወጣችበት አገር የመጡ ልጆች ሆኑ። ለባለሥልጣናቱ የሚያስደስት ወሬ ነው። ነገር ግን ስሟን ሳይጠሩ ማን እንደተሸነፈች እንዴት ብለው ይንገሩ?

የትኛውን ቁጥር ነው የጠየቅነው?

ቁጥር እውነቱን ይናገራል፤ የሚመልሰው ግን የተጠየቀውን ብቻ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን ኤቨርት ናት።

ማርቲና በነጠላ ከተጫወተቻቸው 1,661 ግጥሚያዎች 1,442ቱን አሸንፋለች። ይህ 86.8 በመቶ ነው። ኤቨርት ደግሞ ከ1,300 በላይ ግጥሚያ አሸንፋ የድል መቶኛዋ ወደ 90 ይጠጋል። እንግዲህ በመቶኛ ኤቨርት ትበልጣለች። ሁለቱ ፊት ለፊት የተገናኙባቸውን ከ1973 እስከ 1988 ያሉትን 80 ግጥሚያዎች ብንወስድ ግን ማርቲና 43፣ ኤቨርት 37 አሸንፈዋል። ከ80ዎቹ 60ው የፍጻሜ ግጥሚያዎች ነበሩ፤ በነዚያም ማርቲና 36 ለ 24 ትመራለች። እዚህ ደግሞ ማርቲና ትበልጣለች።

ታዲያ ማን ትበልጣለች? መልሱ በጥያቄው ላይ የተመሠረተ ነው። “ማን ዘወትር ሳይወላውል አሸነፈ?” ለሚለውና “እርስ በርስ ሲገናኙ ማን አሸነፈ?” ለሚለው መልሱ የተለያየ ነው። የ43 ለ37ቱም ቁጥር ቢሆን ውስጡ ሌላ ታሪክ አለው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዛኛውን ያሸነፈችው ኤቨርት ናት፤ በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ማርቲና። ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ይህን መገለባበጥ አያየውም። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጥር ጠርቶ ሊያሳምናችሁ ሲሞክር “ከየት እስከ የት የተቆጠረ ነው? ከማን ጋር?” ብላችሁ ጠይቁ።

ከሷ በፊት የሄደው ሰው

ማርቲና በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ አይደለችም። ከሷ 35 ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ፕራግ የተወለደ ያሮስላቭ ድሮብኒ የሚባል ሰው ነበር። በልጅነቱ በቴኒስ ሜዳ ኳስ አቀባይ ሆኖ ነው የጀመረው። በበረዶ ላይ ሆኪም ጎበዝ ስለነበር በ1948 ኦሊምፒክ ከአገሩ ቡድን ጋር የብር ሜዳሊያ አግኝቷል።

የዚህን ሰው የአገር ዓምድ ተመልከቱ። በ1938 ዊምብልደን ላይ ሲጫወት “ቼኮስሎቫኪያ” ተባለ። በ1939 ጀርመኖች አገሩን ስለያዙ “ቦሔሚያና ሞራቪያ” ተብሎ ተመዘገበ። ከጦርነቱ በኋላ እንደገና “ቼኮስሎቫኪያ” ሆነ። በሐምሌ 1949 ስዊዘርላንድ ውስጥ እየተወዳደረ ሳለ መንግሥቱ ከውድድሩ እንዲወጣ አዘዘው። እሱም ከጓደኛው ጋር እዚያው ቀረ፤ ወረቀት የሌለው ሰው ሆነ። ተቀባይ አገር ሲፈልግ ቆይቶ በመጨረሻ ዜግነት የሰጠችው ግብጽ ናት።

በግብጽ ስም ሆኖ በ1951ና በ1952 የፈረንሳይን ውድድር አሸነፈ። በዊምብልደን በ1949ና በ1952 ለፍጻሜ ደርሶ ሁለቴ ተሸንፎ ነበር። በ1954፣ በ32 ዓመቱ፣ አውስትራሊያዊውን ኬን ሮዝዎልን 13 ለ 11፣ 4 ለ 6፣ 6 ለ 2፣ 9 ለ 7 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። በዊምብልደን የነጠላ ሻምፒዮኖች ዝርዝር ውስጥ ከስሙ አጠገብ “ግብጽ” የተጻፈለት ሰው እሱ ብቻ ነው። በኋላ የእንግሊዝ ዜጋ ሆኖ ኖረ፤ በ2001 አረፈ።

አንድ ሰው፣ አንድ ራኬት፣ አራት የአገር ስም። የ1954ቱን ፍጻሜ ያሸነፈው ግን ያው አንዱ ድሮብኒ ነው። ዋንጫውን ቼኮች “የኛ” ይላሉ፣ ግብጾችም “የኛ” ሊሉ ይችላሉ። ያኔ በየቢሮው በር ላይ ቆሞ ወረቀት ሲለምን ግን “የኛ” ያለው ብዙ አልነበረም።

ሐምሌ 1986፣ ፕራግ

አሁን ወደ ማርቲና እንመለስ። በ1986 የፌዴሬሽን ዋንጫ ውድድር የሚደረገው በፕራግ እንዲሆን ተወሰነ። ማርቲና በአሜሪካ ቡድን ውስጥ ነበረች፤ ኤቨርትም አብራት ነበረች። አገሯን ከለቀቀች 11 ዓመት ሊሞላት ነው። ስሟ በጋዜጣ እንዳይጻፍ ወደተከለከለበት ከተማ የሄደችው የሌላ አገር ማልያ ለብሳ ነው።

በሜዳው የድምፅ ማጉያ የሚናገረው ሰው ስሟን አልጠራም። “ከአሜሪካ የመጣችው ተጫዋች” ብሎ አለፈ። ሕዝቡ ግን ማን እንደሆነች አላጣትም። አጨበጨበላት፤ ጮኸላት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጋዜጣ ያልተጻፈ ስም በሰው አፍ ሳይጠፋ ኖሯል። በፍጻሜው አሜሪካ ቼኮስሎቫኪያን 3 ለ 0 አሸነፈች። ማርቲና በ1984 ያሸነፈቻትን ማንድሊኮቫን 7 ለ 5፣ 6 ለ 1 ረታቻት። የገዛ አገሯን እያሸነፈች የገዛ አገሯ ሕዝብ አጨበጨበላት። ይህን የሚመዘግብ ዓምድ በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ የለም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1989፣ ያ መንግሥት ወደቀ። ቼኮስሎቫኪያ የምትባለውም አገር በ1993 ለሁለት ተከፍላ ከካርታ ጠፋች። ልጅቷን ከዝርዝር የሰረዘው አገር ራሱ ዛሬ የለም፤ በ1975 በስሙ ያመጣችለት ዋንጫ ግን እስከ ዛሬ ተመዝግቦ ይገኛል።

የመጨረሻዎቹ ረድፎች

በ1990 ዘጠነኛውን የዊምብልደን የነጠላ ዋንጫ ወሰደች። ከዚያ በፊት ትልቁ ቁጥር ሄለን ዊልስ ሙዲ በ1938 ያቆመችው ስምንት ነበር። በ1994 ነጠላውን አቆመች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በጥንድ ተመለሰች። በ2003 ከሕንዳዊው ከሊያንደር ፔስ ጋር ዊምብልደንን በድብልቅ ጥንድ ስታሸንፍ በዚያ ሜዳ ያላት ዋንጫ 20 ሆነ። በ2004 በ47 ዓመቷ በዊምብልደን አንድ የነጠላ ግጥሚያ 6 ለ 0፣ 6 ለ 1 አሸነፈች። የመጨረሻውን፣ 59ኛውን ታላቅ ዋንጫ፣ ከቦብ ብራያን ጋር በአሜሪካው ውድድር ያነሣችው በ2006 ነው፤ 50 ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ገደማ ቀርቷት ነበር።

በጥር 2008 የቼክ ዜግነቷ ተመለሰላት። ከ1975 ጀምሮ ብንቆጥር ከ32 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአሜሪካ ዜግነቷንም አልለቀቀችም። ዛሬ በአገር ዓምዷ ላይ ሁለት ስም ሊጻፍ ይችላል፤ ባዶ የነበረው ዓምድ ሞልቶ ተርፏል።

ከዚህ ምን እንይዛለን?

ለኛ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የስደተኞች ቡድን ሲቋቋም ከአሥሩ ስፖርተኞች አምስቱ ከካኩማ ካምፕ የሄዱ ደቡብ ሱዳናውያን ሯጮች ነበሩ። በሉክሰምበርግ ይኖር የነበረው ኢትዮጵያዊው ዮናስ ክንዴም በማራቶን 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ገብቶ 90ኛ ወጣ። በውጤት ዝርዝሩ ላይ በአገር ስም ፈንታ የተጻፈው የስደተኞች ቡድን የሚል ነው። ሰዓቱ ግን የራሱ የዮናስ ነው። ነገ አገር ቢለውጥ፣ አገር ቢያገኝ፣ ያቺ ሰዓት አትለወጥም።

ከማርቲና መዝገብ የምንይዘው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መዝገብ የሚታመነው ሽንፈትንም ሲጽፍ ነው። 219ኙ ባይጻፉ ኖሮ 1,442ቱን ማን ያምን ነበር? የክፍል አለቃም ሆነ መምህር ውጤት ሲመዘግብ ዝቅተኛውን እንደ ከፍተኛው ሳይፍቅ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ መዝገብ የሚተርፈው ከአንድ በላይ በሆነ እጅ ሲገኝ ነው። የፕራግ ጋዜጦች ስሟን ቢሰርዙም በለንደን፣ በኒው ዮርክና በፓሪስ ተጽፎ ነበር። እናንተም የትምህርት ማስረጃችሁንና የሥልጠና ምስክር ወረቀታችሁን አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። ዋናው ከናንተ ጋር ይሁን፤ ቅጂው በትምህርት ቤቱ፣ ሌላው ደግሞ በምታምኑት ዘመድ እጅ ይቀመጥ። የአገር ዓምዱን የሚሞሉት ሌሎች ናቸው፤ በጊዜያቸው ይሙሉት። የሠራችሁትን የሚያሳየው ዓምድ ግን ዛሬ በስማችሁ ይጻፍ።

ለመወያያና ለልምምድ

1. ማርቲና በጥንድ ጨዋታ 747 አሸንፋ 143 ተሸንፋለች። የድል መቶኛዋ ስንት ነው? ከነጠላው ይበልጣል ወይስ ያንሳል?

2. በ1978 “የዓለም አንደኛ” የተባለችው ማርቲና በአገሯ ጋዜጣ አልተጻፈችም። አንድ ነገር በጋዜጣ አለመጻፉ አለመደረጉን ያሳያል? ከምታውቁት ታሪክ ምሳሌ ስጡ።

3. የ1954ቱ የድሮብኒ ዋንጫ የየትኛው አገር ነው ትላላችሁ? ለምን?